ሁለት ወር የለመንኩበት ሻደይ

ሻደይ ከየት መጣ ብላችሁ በእኛ አገር ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ፤ አራተኛ ሰው ከመጣ ደግሞ አራተኛ። እኔን ሲጠይቁኝ «እንጃ» እላለሁ። እንጃ የምለው ስለማላውቅ አይደለም። ከመልሶቹ አንዱን፣ ያውም ግማሹን ብቻ ሰምቼ፣ በልጅነቴ ሰው ፊት አውጥቼ ተናገርኩት፤ የእኅቴ ነገርም በዚያው ታጠፈ።

ለማያውቀው ልንገር። ሻደይ በሰቆጣና በዙሪያዋ የልጃገረድ በዓል ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ይጀመርና ቀናት ይቆያል። ሻደይ የሚባለው ራሱ ሣሩ ነው፤ ክረምት ላይ ወንዝ ዳርና ገደል ሥር የሚበቅል፣ ረዥም፣ ለምለም። ልጃገረዶች እሱን ወገባቸው ላይ ዙሪያውን ያስራሉ፤ ከየዘመዱ የተዋሱትን ድሪና አልቦ ያደርጋሉ፤ ከበሮ ይዘው መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ። ደጁ ላይ የተዘፈነለት ሰው፣ ባለቤትም ይሁን እንግዳ፣ ባዶ እጃቸውን አይመልሳቸውም። ሻደይን ባዶ እጅ የመለሰ ዓመቱን ሙሉ አይቀናውም ይባላል።

የምነግራችሁ ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሆነውን ነው። እኔ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ እኅቴ ዐሥራ አራት። ቤታችን ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ዳገት ላይ ነው። አባቴ ድምፁ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ነበር፤ በሬ ሲጣራ ሰው ሁሉ «እሱ ነው» ይል ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሲያስለው እንኳ ጋቢውን አፉ ላይ ጎስጉሶ ነው። ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ በግጦሽ ተጣልቶ ሰው ገድሎ ቆላ ወርዶ ጠፍቶ ነበር። ገዳይ ካልተገኘ ደሙ የሚፈለገው ከወንድሙ ነው። ስለዚህ አባቴ ዓመቱን ሙሉ ከቤት አልወጣም። እርሻችንን ጎረቤት አረሰልን። ገበያውን እናቴ ያዘችው፤ በሬ እንኳ ስትሸጥ እሷው ተከራክራ ነው። ውሻችን ሲጮህ አባቴ ቆጥ ላይ ይወጣል። እኛ ልጆቹ ቀና ብለን እንዳናይ ተነግሮናል። እንግዳ ሲገባ፣ አባቴ ከላይ ትንፋሹን ይዞ ሳለ፣ እናቴ ፈገግ ብላ «የለም፣ መንገድ ሄዷል» ትላለች። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ፈገግታዋ ነበር።

ሽማግሌ ገባ። ብዙ ጊዜ ተመላልሰው በመጨረሻ እርቅ ወረደ። ለሟቹ ልጆች ከብት፣ ለሟቹ ታናሽ ወንድም ደግሞ እኅቴ። ደም ማድረቂያ ይሉታል። ሁለቱ ወገን ሲዋለድ ቂሙ ይደርቃል ነው ነገሩ። አባቴ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር መስቀል ጨብጦ ማለ። የሚወስዷት ሻደይ ሲያበቃ ነው፤ ሰርግ የለው፣ ሚዜ የለው።

እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴን አላናገረችውም። እንጀራውን ፊቱ ታስቀምጥና ዞራ ትሄዳለች። እኅቴ ነገሩን የሰማችው ከቤት አይደለም፤ ከወንዝ ነው፤ ውኃ ከሚቀዱ ልጃገረዶች። መጥታ እንስራዋን አወረደች፤ ያለ ወትሮዋ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረገች።

እኔ ሴት ነኝና ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በአጥር በኩል ነው። ለየኔታ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን መምህር፣ ንፍሮ ሳደርስ ተማሪዎቹ ሲጮኹ ቆሜ እሰማለሁ፤ መንገድ ላይ በእንጨት አፈር ላይ እጭራለሁ። የኔታ አይተው እንዳላዩ ይሆኑ ነበር። አንድ ቀን ብቻ «ይቺ "ጸ" እግሯ ጎደለ» ብለው አለፉ። የአባቴ ንስሐ አባትም እሳቸው ነበሩ፤ አባቴ ሲምል መስቀሉን የያዙትም እሳቸው ናቸው።

የሻደይ ዋዜማ ሣር ልናጭድ ወንዝ ወረድን። ልጃገረዶቹ እያጨዱ ክርክር ተነሣ።

«ይህ እኮ የኖኅ ርግብ በአፏ ያመጣችው ቅጠል ነው» አለች አንዷ።

«ቅጠል ሌላ፣ ሣር ሌላ! እመቤታችን ስታርግ ሴቶች በለምለም የሸኙበት ነው።»

«አንቺ ነበርሽ ስትሸኝ?»

«ያያትሽ እናት ነበረች፤ ዕድሜዋ አይነገርም እንጂ።»

ሲሳሳቁ የኔታ ከቅዳሴ ተመልሰው በዚያ ያልፋሉ። «የኔታ፣ ይፍረዱን!» ብለን ከበብናቸው።

«ምኑን ልፍረድ? ማን ማንን መታ?»

ነገርናቸው። በዘንጋቸው ተደግፈው ቆሙ። «ሁለታችሁም አባቶች የሚሉትን ነው ያላችሁት። ሦስተኛም አለ» አሉ። «በኦሪት ዘመን አንድ የጦር አለቃ ነበር። ወደ ጦርነት ሲሄድ ተሳለ፤ ድል ካደረግሁ፣ ስመለስ ከቤቴ ቀድሞ የሚቀበለኝን ለአምላኬ እሰጣለሁ ብሎ። ድል አድርጎ ሲመለስ ማን ወጣ? አንዲት ልጁ፤ ከበሮ እየመታች፣ እየዘፈነች።»

ሳቁ ቆመ።

«አባትየው ልብሱን ቀደደ። ቃል ከአፍ ወጥቷል። ልጅቱም አባቴ ሆይ፣ እንግዲያው ሁለት ወር ስጠኝ፤ ከጓደኞቼ ጋር ተራራ ወጥቼ ላልቅስ አለችው።»

«ሰጣት?» አልኩ እኔ።

«ሰጣት።»

«ከዚያስ የኔታ?»

የኔታ ወደ እኅቴ አዩ። ማጭድ በእጇ፣ ሣሩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም። «ከዚያማ…» አሉ፤ «የዚያ አገር ልጃገረዶች በየዓመቱ እየወጡ ያስቧታል። ሻደይም የእሷ መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። በሉ፣ ዝናብ መጣ፣ ቶሎ ሂዱ።»

ዝናብ አልመጣም።

እኔ ግን የያዝኩትን ይዤአለሁ። ሁለት ወር ተሰጣት። ለዐሥር ዓመት ልጅ ሁለት ወር ማለት ጫፉ የማይታይ ነገር ነው። ሁለት ወር ውስጥ የጠፋው አጎቴ ይገኛል፤ ሁለት ወር ውስጥ ሰዎቹ ይረሱታል፤ ሁለት ወር ውስጥ ያ ሰውየ ሌላ ሚስት ያገባል። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገርኩም። ለእኅቴም ቢሆን።

የሻደይ ሦስተኛ ቀን ጠዋት እናቴ የእኅቴን ሣር ራሷ አሰረችላት። እንደ ሌሎቹ አድርጋ፣ እንዲያውም ከሌሎቹ እንዳትለይ አድርጋ። ድሪዋን አስቀርታ፣ ጉትቻዋን አስቀርታ። ለእኔ ደግሞ «እኛ ቤት ስትደርሱ ብዙ አትቆዩ፤ ዘፍናችሁ ወዲያው ወደ ማዶ መንደር እለፉ» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። በሻደይ ቀን ቁጣ የለም እንጂ ፊቷ የቁጣ ነበር።

ደጃችን ስንደርስ እንግዶች ተቀምጠዋል። የሟቹ አባት፣ ነጭ ጢም ያላቸው ቀጭን ሽማግሌ፣ ከሁለት አስታራቂዎች ጋር የእኅቴን መሄጃ ቀን ሊቆርጡ መጥተው ኖሯል። የኔታም መስቀላቸውን ይዘው አሉ። አባቴ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ቆዳው ገርጥቶ የቆጥ ጢስ የጠገበ ይመስላል። ከበሮው ተመታ፤ ዘፈን አውጪዋ ቀዳሟ አወረደች፤

*ባለቤት ተነሡ፣ ቅቤው ቀልጦ ሳያልቅ፣*
*የቆመች ልጃገረድ ደጃችሁ ሳትወድቅ።*

እናቴ የቅቤውን ቅል ይዛ ወጣች። ከዚያ እንደ ደንቡ ወደ እንግዳው ዞርን። ቀዳሟ ሽማግሌውን ስታይ ግን ዘፈኑን አቋረጠች። ልጁ ለሞተበት ሰው ምን ተብሎ ይዘፈናል? ሽማግሌው ራሳቸው አወጧት።

«እህሳ፣ እኔስ ሰው አይደለሁ? ምን ልስጥ? ቅቤ አልያዝኩ፤ እህል ልላክላችሁ?»

ያኔ ነው ከመሃል የወጣሁት። «እህል አንፈልግም፣ አያ። ሁለት ወር ይስጡን።»

«ምን አለች?»

«ለእኅቴ ሁለት ወር ይስጡልን። ከጓደኞቿ ጋር ታልቅስ። በኦሪት ያለችው ልጅም ጠይቃ ተሰጥቷታል። ሻደይ ባዶ እጅ አይመለስም።»

«አንቺ!» ብሎ አባቴ ተነሣ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «ተዋት። የለመነችው እኔን ነው።» ወደ የኔታ ዞሩ። «እውነት ነው አባ? ተጽፏል?»

«ተጽፏል» አሉ የኔታ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሁለት ወር?»

«ሁለት ወር።»

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬቱ ላይ እያሽከረከሩ ቆዩ። «እኔም» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለልጄ ሁለት ወር የሚሰጠኝ ባገኝ እወድ ነበር።» «ሁለቱ ወር ሲያልቅስ አባ? መጽሐፉ ምን ይላል?»

የኔታ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ አባቴ አዩ፤ ሊዋሹ ከጅለው እንደነበር ዛሬ ሳስበው ይታየኛል። መስቀል ይዘዋል። «ተመለሰች ይላል።»

«አስገድደዋት?»

«የለም። በራሷ።»

«እንግዲያው እኔ ከመጽሐፍ አልበልጥም። ሁለቱን ወር ሰጥቻለሁ። ግን ይማልልኝ። አባትየው አይደለም፤ እሱ ምሏል። ልጅቱ ትማል።»

እኅቴ ከልጃገረዶቹ መሃል ወጣች። ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማ ነበር። መስቀሉን ጨበጠች፤ «እመለሳለሁ» አለች። ይህን ብቻ።

ልጃገረዶቹ እልልታውን አቀለጡት! «የዚህች ምላስ!» አሉ አስታራቂዎቹ፤ «ወንድ ብትሆን ጠበቃ ናት።» ተሸከሙኝ፤ ከፍ ከፍ አደረጉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ከላይ ሆኜ ሳይ እናቴ ብቻ እልል አላለችም። ቅቤው ከቅሉ እየፈሰሰ እጇን አልፎ ቀሚሷ ላይ ሲወርድ አላወቀችውም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጓሮ ወሰደችኝ። ትመታኛለች ብየ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለች እንጂ አልመታችኝም።

«ምን አደረግሽን፣ ልጄ?»

«ሁለት ወር አገኘሁ እኮ፣ እማየ።»

«ወንድሜ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በቅሎ ይዞ ቆሞ ነበር» አለች። ወንድሟ እስከ ኮረም የሚነግድ ሰው ነው። «ማዶ መንደር ስትደርሱ እኅትሽ ከመሃላችሁ ወጥታ ከእሱ ጋር ልትሄድ። ሁሉም ሣር ታጥቋል፣ ማን ልጃገረድ ይቆጥራል? አባትሽ አያውቅ፤ አላወቅሁም ብሎ ቢምል እውነት ነው። እሷም አልማለችም። ያልማለ አፍ አይታሰርም። አሁን አፏን አሳሰርሽው።»

እኅቴ ብትጠፋባቸው አባቴን ይገድሉት ነበር? ወይስ ሽማግሌ ተመልሶ፣ ከብት ተጨምሮ ያልፍ ነበር? እናቴ ያልፋል ብላ ነበር። እስከ ዛሬ አላውቅም። የእናቴ ወንድም እስከ ማታ ቆሞ ብቻውን ሄደ።

በማግሥቱ እኅቴ «ሂጅና ፍጻሜውን ጠይቂልኝ» አለችኝ። የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ አገኘኋቸውና ሰላም እንኳ ሳልል «ለምን ግማሹን ብቻ ነገሩን?» አልኳቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ብልግና አርጩሜ ነበር።

«ለልጅ የሚበቃውን ነው የነገርኩሽ» አሉ። «እኅትሽ ፊት የቀረውን እንዴት ልናገር?» ገብተው መጽሐፉን አምጥተው በግእዝ አነበቡት፤ በአማርኛም ነገሩኝ። ሁለት ወሯን ጨርሳ ተመለሰች፤ አባቷም የተሳለውን ፈጸመባት። አለቀ። ከዚያ በታች ልጃገረዶቹ በየዓመቱ ማሰባቸው እንጂ ስለ እሷ ሌላ መሥመር የለም። ጣቴን ይዘው መሥመሩን አሳዩኝ።

ቤት ስመለስ ለእኅቴ «ማራት» አልኳት። «አባትየው በመጨረሻ አዝኖ ማራት ይላል።»

እኅቴ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ሳቀች። «ሽማግሌ ፊት ምላስ አለሽ፤ ለውሸት ግን አልሆንሽም።» ከዚያ ማማሰሉን ቀጠለች።

ሁለቱ ወር እንዲህ ነው ያለፈው። ተራራ ወጥታ አላለቀሰችም። የምታውቀውን ሰው ሁሉ እየዞረች ጠየቀች፤ ለታመመ ውኃ ቀዳች፤ እናቴ ስትቆጣ ዝም ብላ ሰማች። አባቴ ግን እንደ አዲስ ተወለደ። እርቁ ታስሯልና ማንም አይነካውም። ጠጉሩን ተላጨ፤ ወደ ሰቆጣ ገበያ ወረደ፤ ሲመለስ መንገድ ላይ ሰላም ሲል ድምፁ ከማዶ ይሰማን ጀመር። እኅቴ ያንን ድምፅ ስትሰማ እጇ ላይ ያለውን ሥራ ታቆማለች። አንድ ቀን ከገበያ ሻሽ አመጣላት። ለራሷ አልሰጣትም፤ ምሰሶው ላይ ሰቅሎት ወጣ። ፊቷን ማየት አይችልም ነበር።

መስቀል አለፈ። ጥቅምት ገብቶ ገብሱ ሲነጣ የእናቴ ወንድም ከነበቅሎው እንደገና መጣ። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ጠበቀችው። እኅቴን እጇን ይዛ «ተነሽ» አለቻት።

«አልሄድም፣ እማየ።»

«መሐላ ነው? መሐላውን እኔ ልሸከመው። በእኔ ነፍስ!»

«መሐላው አይደለም።» እኅቴ ወደ እርሻው አሳየች። አባቴ በሬዎቹን እየጠራ ነበር፤ ያው እንደ ድሮው። «ዓመቱን ሙሉ ቆጥ ላይ ነበር። አሁን እዩት። ተመለስ ወደ ቆጥህ ልበለው?»

«እናቱ አይደለሁ፣ ሚስቱ ነኝ። አንቺን ግን ወልጄሻለሁ» አለች እናቴ።

እኅቴ የተቋጠረውን ስንቅ ፈታችው። የእናቴ ወንድም በቅሎውን ሳይጭን ሄደ።

ቀኑ ሲደርስ ሽማግሌው ራሳቸው መጡ፤ በቅሎ አስይዘው፣ ጥላ አስይዘው። ክብር ማሳየታቸው ነው። እኅቴ በቅሎው ላይ አልወጣችም። «በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። አባቴ እስከ ሸንተረሩ ሸኛት። እዚያ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ስሟን ተጣራ። ያ ድምፁ ሸንተረሩን ተሻግሮ ሲሄድ ሰማሁት። ዞራ ግን አላየችም።

በሁለተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ፣ ልጠይቃት ሄድኩ። ቤቱ ደህና ነው። ባሏ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ። ሽማግሌው ሕፃኑን ከጉልበታቸው አያወርዱትም። የሟቹ እናት ግን እኅቴ የጋገረችውን በልተው አያውቁም። ከራሳቸው ምጣድ፣ ለራሳቸው ብቻ ይጋግራሉ። ከእኅቴ እጅ የሚቀበሉት ውኃ ብቻ ነው።

ብቻችንን ስንሆን የሁለት ዓመቱን ጥያቄ አወጣሁት። «እትየ፣ ተቀይመሽኛል?»

«አንቺን?» ሕፃኑን ጡት አስለቅቃ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። «የለም። ግን ልንገርሽ። ያን ቀን ቢወስዱኝ እየጮኽኩ እሄድ ነበር። ሲከፋኝ ጎትተው አመጡኝ እላለሁ፤ አባየ ሸጠኝ እላለሁ፤ ሰውም ያዝንልኛል። አንቺ ሁለት ወር ለመንሽልኝ፤ አስቤ፣ መዝኜ፣ በእግሬ መጣሁ። አሁን ሲከፋኝ ማን አመጣኝ ልበል?»

ከጓዳ የአሮጊቷ ሳል ተሰማ።

«እንኪ፣ ያዥልኝ» አለች እኅቴ፤ ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀምጣ። «ውኃ ጠምቷቸው ይሆናል።»